የኢተያ ዳገትና የቀኛዝማች ሰላምታ

ባለፈው ሳምንት ነው። የልጅ ልጄ ብርቱካን ዳቦ የምታከፋፍልባት አሮጌ ቫን ዳገት ሲመጣ ትሰንፍባት ጀመር፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ትንፏቀቃለች እንጂ አትሄድም። "አባባ፣ እርስዎ የድሮ ሾፌር ነዎት፤ አብረውኝ ጋራዥ ይምጡ" አለችኝና ጋቢዬን ደርቤ ከፊት ተቀመጥኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌዎችን ሰላም ስንል፣ አንዲትን ባልቴት ስለ ጉልበቷ ስንጠይቅ፣ ረፋድ ላይ ደረስን። መካኒኩ አብዲ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ሽቦ መዘዘና በነጭ ጨርቅ ጠረገው፤ ጨርቁን አሸተተና ፊቱን አጨፍግጎ ለእኔ አቀበለኝ። እኔም አሸተትኩት። ያረረ ዘይት! ድስት ውስጥ ተረስቶ የከሰለ ሽንኩርት የመሰለ፣ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። ሰው የድሮ ሽታ ሲሸተው ናፍቆት ይይዘዋል፣ እንባው ይመጣል ይላሉ። እኔን የያዘኝ ንዴት ነው። ጨርቁን መሬት ላይ ወርውሬ "ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!" ማለት ጀመርኩ።

"አባባ፣ ምን ሆኑ?" አለች ብርቱካን ደንግጣ።

አብዲ ለእኔ ጩኸት ደንታም አልሰጠው። "ጠዋት ጠዋት ደህና ትሄዳለች አይደል?" አላት። "ስትሞቅ ነው የምትሰንፈው?"

"አዎ! በምን አወቅክ?"

"አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ ሲያር እንዲህ ነው የሚያደርገው። ብርድ ላይ ሲሆን ይይዛል፤ ሲሞቅ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም።"

እግዚኦ! "ጠዋት ደህና ትሄዳለች አይደል?" ይህችን አንዲት ጥያቄ ያን ጊዜ ከአሰላ ሰው መካከል አንድ ሰው ጠይቆልኝ ቢሆን ኖሮ! ጥያቄዋ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። እኔ ግን በዚሁ በሽታ፣ በዚሁ ሽታ፣ ሰካራም ተብዬ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተጭኖብኛል። እስኪ ከመጀመሪያው ላውራችሁ፤ ካላወራሁት ዛሬም እንቅልፍ አይወስደኝ።

ዘመኑ በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፣ እኔም ተምታቶብኛል። አሰላ ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ የዋጣት ትንሽ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጭላሎ ተንሸራቶ ይመጣና መንገዱን ይሞላዋል፤ ጋሪዎቹ አይታዩም፣ የፈረሶቹ ቃጭል ብቻ ይሰማል። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ፓስቲም እንደዚያው፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ጓደኛውን ጋብዞ ኮራ ብሎ ይወጣ ነበር። ዛሬ ስሙኒ ብትሰጠው ለማኝ ይሰድብሃል። ሾፌር ማለት ደግሞ ሾፌር ነበር! ዛሬ ሚኒባስ የሚነዳውን ልጅ ስሙን እንኳ የሚያውቀው የለም። ያን ጊዜ የሾፌር ስም ከዳኛ ስም እኩል ይጠራል። ካኪ ኮቴን በፍም ካውያ አስተኩሼ እለብሳለሁ፤ አንገቴ ላይ የሐር መሐረብ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር መነጽር፣ እግሬ ላይ ከናዝሬት ያሠራሁት ቡናማ ጫማ። ጠጅ ቤቱ በራፍ ላይ ግራሞፎኑ ሸክላ ሲያዞር እኔ በዚያ ሳልፍ ሰው ሁሉ "ተሰማ! ተሰማ ግባ!" ይለኛል። እገባለሁ፣ ብርዝ ጠጥቼ እወጣለሁ። ብርዝ! ልብ በሉ። ጠጅ ሆዴን ይነፋኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም። ይህን እናቴም ጠጅ ጣይዋም ያውቁ ነበር።

መኪናዋ የቀኛዝማች ደምሴ ናት። ቀኛዝማች ያን ጊዜ ገና ጎልማሳ ናቸው፤ ሰፊ ትከሻ፣ የተከረከመ ጢም፣ ጥቁር ካባ፣ እንደ ሐር የለሰለሰ ባርኔጣ። ከአባታቸው የወረሱት መሬት ከኢተያ በታች ባለው ዳገት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነበር። አንድ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ያችን ቫን ሸጠላቸው። ከወገቧ በላይ እንደ ቅቤ ነጣ ያለች፣ ከወገቧ በታች አረንጓዴ፤ ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ። የጉድ ጉድ የሆነው ግን ፍሪሲዮን የላትም! በግራ እግር የሚረገጥ ነገር የለም። ማርሽ አይገባ፣ ማርሽ አይወጣ፤ ካምቢዮዋ ራሷ ታስባለች። ፈረንጁ አንድ ቀን አሳየኝና ሄደ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ የግራ እግሬን ያይ ነበር፤ "አየኸው፣ እግሩ ሥራ ፈቷል!" እየተባለ። ማንም ሳያዛት በራሷ ፈቃድ ስለምትሄድ ስሟን "ወይዘሮዋ" አሏት። ከአሰላ ናዝሬት ሰው እያመላለስኩ እነዳት ነበር፤ ቀኛዝማችም ሥራ ሲኖራቸው፣ አንዳንዴም ሳይኖራቸው፣ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ንዴቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከናዝሬት ስንመለስ ደራን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የቀኛዝማች ዘመድ፣ አበልጅ፣ ጭሰኛ፣ የነፍስ አባት፣ ሁሉም ያቺ ዳገት ላይ የተጠራቀመ ይመስል በየመቶ ክንዱ አንድ ሰው ይቆማል። ቀኛዝማችም ጭኔን በአለንጋቸው መታ አድርገው "ቁም! ቁም!" ይላሉ። እቆማለሁ። መስኮቱ ይከፈታል፤ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ እጃቸውን ይይዛል። "እንደምን ከረማችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ? እህሉ እንዴት ነው? ያች ታማ የነበረችው? ዳነች? እሰይ! እሰይ! እናትህስ? ዓይናቸው ተሻላቸው? ዝናቡስ?" ከዚያ ሰውየው በተራው ያንኑ ሁሉ መልሶ ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ እንደ አዲስ "ታዲያስ፣ እንደምን ናችሁ?" ይባላል። ሰላምታ ጥሩ ነገር ነው፤ አልጠላሁም። ግን ዳገት ላይ! በሰው የተሞላች መኪና ይዤ!

መጀመሪያ ቀን ሞተሩን ላጠፋ እጄን ስሰድ ጮኹብኝ። አንዴ ባትሪዋ ደክሞ አልነሳ ብላ ገበያተኛ ገፍቷት ስለነበር ያ ውርደት አልወጣላቸውም። ፍሬን ይዤ ልቁም ብል ደግሞ "ፍሬኔን አትጨርስብኝ" አሉ። ሌላው ሾፌር ሁሉ ዳገት ላይ ሲቆም እንደሚያደርገው ከጎማው ኋላ ታኮ ላድርግ አልኩ። ለዚሁ ብዬ ከወንዝ ዳር የመረጥኩት አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ከኋላ ወንበር ሥር ነበረኝ። ይህን ስላቸው ቀኛዝማች እንደ ተሰደበ ሰው አዩኝ።

"ወይዘሮዋን እንደ ስንዴ ጫኝ መኪና ድንጋይ ልታስደግፋት? በዘመዶቼ ፊት?"

"ጌታዬ፣ ታዲያ በምን ላቁማት?"

"በነዳጅ ያዛት! ትንሽ ትንሽ ስጣት፤ ወደፊትም ወደኋላም ሳትል ትቆምልሃለች።"

እውነትም ትቆማለች። ነዳጁን በስሱ ረገጥ ሳደርግላት አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለች ጭልፊት ቀጥ ትላለች። ቀኛዝማች መስኮቱ ላይ ተደግፈው ለሰላምተኛው "አየኸው? ፍሬን የለ፣ ድንጋይ የለ!" እያሉ ያሳዩ ነበር። ሰውም እጁን አፉ ላይ ጭኖ ይደነቃል። ከሥር ግን ዘይቷ እየነደደ ነው። ማን ያውቃል? እኔ አላውቅም፣ እሳቸው አያውቁም፣ አሰላ ያለው ጋራዥ አያውቅም። ባለማወቃችን አይደለም የምናደደው። ያላወቅነው እኩል ነበር፤ የከፈልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ወይዘሮዋ መስነፍ ጀመረች። ጠዋት ከቀኛዝማች ግቢ ስትወጣ እንደ ሙሽራ ሠረገላ ልስልስ ብላ ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሰላምታ በኋላ፣ ሞተሩ ይጮኻል እሷ ግን የለችም። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ይገፋል፣ ጭቃው እስከ ባቱ ይደርሳል። ያን ጊዜ በከተማው ያልተሰጠ ሐሳብ አልነበረም። አንዱ "የሰው ዓይን ነው" አለና ጠበል ተረጨባት። ሌላው "ስንዴ አብዝተህ ጭነህባት ነው" አለ። ጋራዡ ያለው ሰው ከሥሯ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲፈልግ ዋለና አጥቶ ወጣ፤ የሞተር ዘይት ጨመረና "አሁን ደህና ናት" አለ። በማግስቱ ጠዋት ሞከራት፤ ደህና ናት! ከሰዓት ያው ሆነች። በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት ቀኛዝማች ናቸው። እንዴት ያለ አፈታት መሰላችሁ!

"መኪናዋ ጠዋት ትሄዳለች፤ ከሰዓት አትሄድም" አሉ በሰው ፊት። "መኪና ምሳ አይበላ፣ መኪና ጠጅ አይጠጣ። በጠዋትና በከሰዓት መካከል የሚለወጠው ማን ነው? ሾፌሩ ነው!"

አቤት ሳቅ! አቤት ጭብጨባ! እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ተገኘ ተብሎ። እኔ ተንተባተብኩ። መናደድና መስከር ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ፊቴ ሲቀላ፣ አፌ ሲንቀጠቀጥ "አየህ!" ተባለ። ይባስ ብሎ ማረጋገጫ ይሁን ብለው ሌላ ሾፌር ጠርተው አስነዷት። መቼ? በጠዋት! የት? እዚሁ አሰላ ዋናው መንገድ ላይ፣ ደልዳላው ላይ፣ ያለ ተሳፋሪ! እንደ ወፍ በረረች። "ጌታዬ፣ አፈር ስሆን፣ ከሰዓት ይሞከር፣ ዳገቱ ላይ ይሞከር" ብዬ ለመንኩ። "መኪና ሰዓት አያውቅም" አሉኝ። ዛሬ አብዲ ያንን ሰዓት በአንድ ጥያቄ አወቀው።

ያን ቀን ግን ገና አላባረሩኝም። የተባረርኩት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው። ከናዝሬት ሰው ሞልቼ እመለሳለሁ፤ ቀኛዝማች ከፊት ናቸው። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ትልቅ ሰው፣ ነጭ ጥምጣም፣ ነገር የማያበዙ። ዳገቱ ወገብ ላይ የቀኛዝማች አማች ከነቤተሰቡ መንገድ ዳር ቆሟል። "ቁም!" ተባልኩ። በነዳጅ ያዝኳት። ልጆቹ ተጠየቁ፣ ከብቱ ተጠየቀ፣ የሞተችው አክስት እንደ አዲስ ተለቀሰች። ያ ሽታ ከሥር መጣ፤ መጀመሪያ የሸተተኝ ያን ዕለት ነው። "ጌታዬ፣ የሆነ ነገር እያረረ ነው" አልኩ። "ዝም በል፣ ለቅሶ ላይ ነኝ" አሉኝ። ድንገት ወይዘሮዋ ለቀቀች። ነዳጁን ብረግጥ ሞተሩ ጮኸ እንጂ ምንም የለም፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ቆምኩበት። ጭቃ ነው፣ ትንሸራተታለች። ሴቶቹ ጮኹ። ኦቦ ቱፋ ናቸው በኋላ በር ዘለው የወረዱት። "ዸጋ! ዸጋ! ድንጋይ!" እያሉ ያንን ጥቁር ድንጋይ ከወንበሩ ሥር ጎትተው ከጎማው ኋላ ወረወሩት። ቆመች። ገደሉ አፋፍ ላይ አልነበርንም፤ ግን እሩቅም አልነበርንም። ማንም አልተጎዳም። ቀኛዝማች ወረዱ፣ ካባቸው ጭቃ ነካው፤ አማቻቸው ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። መጡና የመኪናዋን ቁልፍ ከእጄ ነጠቁኝ። "ሰካራም! ልትፈጀን!" አሉ። መነጽሬንም ከዓይኔ ላይ አውልቀው ጭቃው ውስጥ ጣሉት። ስለ መነጽሩ እንኳ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ አሰላ ውስጥ መሪ የሚያስይዘኝ ጠፋ። መኪና ያለው ሰው ሁሉ የቀኛዝማችን ፊት ያያል። ጠጅ ቤት ብርዝ ላዝዝ ብገባ አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ፣

ሞተሩ ሲጋልብ መኪናው ቆሟል፣
ሾፌሩ ምን ጠጥቶ ምን ቀምሶ ከርሟል?

ብሎ ተቀበለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርዜን ሳልነካ ወጣሁ። የቤታችን ራት ከእኔ እጅ ነበር የሚወጣው፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ከሁሉ የባሰችው ግን እናቴ ናት፤ ገበያ ስትሄድ ሴቶቹ "ልጅሽ ተሻለው?" ይሏታል፣ እንደ በሽተኛ። አንድ ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታ "ታረቅ ልጄ፣ በሞቴ ታረቅ፤ ስምህ ከሚበላሽ ጉልበትህ ይጎንበስ" አለችኝ። ሽማግሌ ሆነው የገቡት ኦቦ ቱፋ ናቸው። "አውቃለሁ፣ አልጠጣህም" አሉኝ። "ያን ቀን አብሬህ ነበርኩ፣ ትንፋሽህን ሸትቻለሁ። ነግሬውም ነበር፤ አልሰማ አለኝ። እሱ ይቅር ካላለህ ግን መሪ አትይዝም።" ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ልል ነው ማለት ነው። እሺ አልኩ። ለእናቴ ስል እሺ አልኩ።

አገራችን ውስጥ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ተጎንብሶ ይገባል፤ የተበደለው "ይቅር ብያለሁ" ሲል ሽማግሌው ድንጋዩን ያወርድለታል። ደግ ልማድ ነው፤ ደም ያደርቃል። ቀኛዝማች ደጅ ደርሼ ድንጋይ ስፈልግ አሽከራቸው ከወይዘሮዋ ወንበር ሥር ያንኑ ታኮዬን አምጥቶ ጫነብኝ። ጎማ ሥር ሊገባ ውርደት የሆነው ድንጋይ የእኔ አንገት ላይ ሲሆን አማረበት! ተጎንብሼ ገባሁ። የማየው ምንጣፉንና የቀኛዝማችን ጫማ ብቻ ነው። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ" አልኩ። ቀኛዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አሁን ሊሉት ነው። ልክ ያን ጊዜ በሩ ላይ እንግዳ መጣ፣ ከጮሌ የመጣ የሥጋ ዘመዳቸው።

"እንዴ! እንደምን ከረምክ? ግባ ግባ! ልጆቹስ? ከብቱስ? ጮሌ ዝናቡ እንዴት ነው?"

እኔ ተጎንብሻለሁ። ድንጋዩ አጥንቴ ላይ ነው። የዘመዱ ልጆች አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ በቅሎዋ ተጠየቀች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ክዳኑ መለወጡ ተነገረ። ላቤ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ እየተጠራቀመ ምንጣፋቸው ላይ ይንጠባጠባል። ወደፊትም ወደኋላም ሳልል፣ ቀጥ ብዬ። ኦቦ ቱፋ "ኩን ሂንታኡ፣ ይሄ አይሆንም!" ብለው ጮኹ። ቀኛዝማች ያን ጊዜ እንደ ረሱት ነገር ዘወር አሉና "አዎ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትጠጣ" አሉኝ። ሁለተኛ! እንዳትጠጣ!

ከሳምንት በኋላ ወይዘሮዋን በጭነት መኪና አስጎትተን ናዝሬት ወሰድናት፤ መሪዋን የሚያውቀው እኔ ስለሆንኩ እኔ ተፈለግኩ። እዚያ አንድ አርመን መካኒክ ነበር፣ አማርኛው ስብርብር ያለ፣ እጁ ግን የተባረከ። ሥሯ ገብቶ ዘይቷን በባልዲ አፈሰሰው፤ ጥቁር ሬንጅ። ሽታው ግቢውን ሞላው። "ይሄ ተቃጥሏል" አለ። "ማነው ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ የሚያቆመው? ድንጋይ የለም አገራችሁ? ፍሬን የለም?" ቀኛዝማችን አየኋቸው። አርመኑም አያቸው። እንደ ማንኛውም ሰው "እኔ ነኝ ያዘዝኩት" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምን አሉ መሰላችሁ?

"ታዲያ ሰው ሳንሳለም እንለፍ?"

በቃ። ይኸው ነው። አሰላ ተመልሰው ለጠየቃቸው ሁሉ "ዘይቷ ተበላሽቶ ነው" አሉ። ዘይቷ! በራሱ፣ ተነስቶ፣ ተበላሸ! ስለ እኔ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ኦቦ ቱፋ ዘንድ ሄጄ "ተራው የሳቸው ነው፤ ድንጋዩን ይሸከሙልኝ፤ ሰካራም ያሉኝ በሰው ፊት ነውና በሰው ፊት ይቅር በለኝ ይበሉኝ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ኦቦ ቱፋ ብቻቸውን ተመለሱ፤ ድንጋዩን በብብታቸው ይዘው። "ትልቅ ሰው ድንጋይ አይሸከምም አለ" አሉኝ። ደጃፌ ላይ አስቀመጡት። "ይህን ብቻ አስመጣሁልህ ልጄ።"

እኔ ከሮቤ ስንዴ የሚጭን መኪና ላይ ገባሁ፤ የወይዘሮዋን በር ሁለተኛ አልነካሁም። ስሜ ግን አልተመለሰም። ሠርጌ ዕለት እንኳ ጠጅ አልፈልግም ስል አንዱ ሚዜ "ዛሬ አይነዳም፣ ስጡት!" አለና ድንኳኑ ሳቀ። ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች፣ ነፍሷን ይማረውና። ልጆች ወልጄ፣ ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ ኢተያ ሻይ ቤት ውስጥ "ያ ጠጪው ተሰማ" ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀኛዝማች ሲሞቱ ለቅሶ ደረስኩ፤ አፈርም አለበስኩ። ይቅር ግን አላልኩም፤ ማን ጠየቀኝና!

ይህንን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ፣ የብሎን ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ለአብዲና ለብርቱካን አወራሁላቸው። አብዲ ሥራውን ትቶ ሰማኝ። ስጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ብርቱካን ዞረ። "አንቺም እኮ እንደዚያ ካላደረግሽ ዘይቱ እንዲህ አያርም። ዳገት ላይ ትቆሚያለሽ? ፍሬን ሳትይዢ፣ በነዳጅ አንጠልጥለሽ?"

ብርቱካን አንገቷን ደፋች። መሬት መሬት ታያለች። እኔ ገነፈልኩ። "ማነው የሚያስቆምሽ? ስሙን ንገሪኝ! ደንበኛ ነው? ፖሊስ ነው? አሁኑኑ ሄጄ ልኩን ነው የምነግረው!"

"ይተዉት አባባ።"

"አልተውም! ንገሪኝ!"

"አባባ… እርስዎ ነዎት እኮ።" ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። "ከገበያ ስንወጣ፣ ዳገቱ ላይ። ‹ብርቱካን ቁሚ፣ ቁሚ፣ እገሌ ነው፤ አታጥፊው፣ አንድ አፍታ ነው› ይላሉ። አፍታዎ ደግሞ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ የሞተውን ሁሉ ሳይጠይቁ አያልቅም። ኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ሲነፋብኝ እርስዎ ገና ሁለተኛውን ዙር ይጀምራሉ።"

አብዲ ጀርባውን ሰጥቶን ከመኪናዋ ሥር ገባ። እንደሚስቅ በትከሻው አውቄያለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ የማውቀው ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ መስኮቱን አልከፈትኩም።

በማግስቱ ጠዋት ተነሳሁና ወደ በራፌ ሄድኩ። ያ ጥቁር ድንጋይ እዚያው ነው፤ ስንት ዘመን ጫማዬን ሳስር ተቀምጬበታለሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ከብዷል፣ ወይም እኔ ቀልያለሁ። አንገቴ ላይ አደረግኩትና በግቢው በኩል ወደ ብርቱካን ቤት ተራመድኩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን "አቶ ተሰማ! እንደምን አደሩ? ጉልበትዎስ? ልጆቹስ?" አለኝ።

"ደህና" አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ በአንድ ቃል መለስኩ።

ብርቱካን በሩን ስትከፍት እጇ ሊጥ ነበር። "ኡኡ! አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ያውርዱት!"

"መጀመሪያ ይቅር በይኝ። መኪናሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።"

"ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ!" ብላ በሊጡ እጇ ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደችው። አላቆመችኝም። ሁለተኛም እንዳይለምድዎ አላለችኝም። ዱቄት ጋቢዬ ላይ ቀረ፤ ድንጋዩ አሁን የቫኗ የኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ለታኮ።

በራፏ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ ግን ንዴቴ ይበርድልኛል ያልኩት ከበፊቱ ብሶ መጣ። ይኸው ነበር እንዴ? ይህን ያህል ነበር የከበደው? ሰማንያን ያለፈ ወገቤ የቻለውን፣ ያን ጊዜ ገና ጎልማሳ የነበረው የቀኛዝማች ወገብ ምን ሆኖ አቃተው? እኮ ንገሩኝ፣ ምን ሆኖ?